የበሩ ኃይል ከየት ይመጣል

ኢንስፔክተር ስህን በተከፈተው የቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ጎንበስ ብላ በእጅ ባትሪ ታበራለች። ውስጡ የዓመታት አቧራ ተኝቶበታል። ጣት የነካው ቦታ የለም። መብራቱን አጥፍታ ቀና አለች።

የሐይቅ ከተማው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ዝናው ጠዋት ሞቶ የተገኘው በሱቁ ውስጥ እዚህ ቴሌቪዥን ላይ ተደፍቶ ነው። አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት መዳፎቹን አይታቸዋለች፤ በሁለቱም ላይ ጣት የሚያክል የተቃጠለ መስመር ነበር። ፖሊሶቹ የባጃጅ ሾፌሩን ሰላሀዲንን ይዘዋል። በዋዜማው ጎረቤት እየሰማ ከዝናው ጋር ተጨቃጭቆ «አንተንም ቴሌቪዥንህንም አቃጥዬ እገላገላለሁ» ብሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ እስር ቤት ይወስዱታል።

ስለ ጭቅጭቁ ስትጠይቀው ሰላሀዲን መሬት መሬት እያየ ነገራት። እሱ፣ ዝናውና የፊዚክስ መምህሩ ምንይችል አንድ የድሮ የውጭ ተከታታይ ፊልም እየደጋገሙ ያያሉ። በፊልሙ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መሀሉ ላይ ድንጋይ፣ ጎንና ጎኑ ላይ እጀታ ያለው አንድ የብረት ቀለበት አላቸው፤ ሁለቱን እጀታዎች የጨበጠ ሁሉ ወደ ሌላ ፕላኔት ይሻገራል። ጓደኛሞቹ «በሩ» ይሉታል። እንዴት እንደሚሠራ ፊልሙ አይናገርም፤ እነሱ ግን ሲከራከሩበት ከርመዋል።

«ላቃጥልህ ያልከው ለዚህ ነው?»

«ወላሂ ለዚህ ነው፣ እትዬ። ኃይሉ መሀሉ ላይ ካለው ድንጋይ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ድንጋይማ ከሆነ የአምባሰል ተራራ እስካሁን የት በደረሰ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ተናደድኩ።»

የዝናው ሚስት ሰርካለም ከጭቅጭቁ በኋላ እናቷን ልትጠይቅ ውጫሌ ሄዳ አድራለች። ሬሳውን ያገኘችው ስትመለስ ነው። ባሏ ከቆርቆሮ የሠራውን በር ከመደርደሪያ አውርዳ ለስህን ልታሳይ ስትል ደነገጠች። በድንጋዩ ፈንታ መሀሉ ላይ የተቀመጠው ባትሪ ተነቅሏል። ከሁለቱ እጀታዎች አዲስ የተበየዱ ሽቦዎች ወጥተዋል። ስትሄድ እንዲህ እንዳልነበረ ማለች።

ምንይችልን ስህን ያገኘችው በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ነው። ዝናውን ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም አለ። ድምፁ የሐዘንተኛ ነበር። ስለ በሩ ስትጠይቀው ግን ተነቃቃ።

«ነፍሱን ይማረውና ዝናው ሞኝ ነበር። ኃይሉ ከሚጨብጠው ሰው እጅ ይመጣል ይላል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ያሳልፋል እንጂ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ይህን የዘጠነኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል።»

ስህን አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በዝናው ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ደሴ የሚሄደው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ደጅ ቆሟል።

«ዝናው ቴሌቪዥኑን አልነካውም» አለች። «አቧራው እንዳለ ነው። ከሞተ በኋላ ነው አምጥተው የደፉት። የመዳፉ ቃጠሎ የዚህን የቆርቆሮ በር እጀታዎች ውፍረት ያክላል። ጨብጧቸው ሳለ አንድ ሰው ሽቦውን ሶኬት ውስጥ ሰክቷል።»

ወደ ሰላሀዲንና ወደ ሰርካለም ተመለከተች።

«ሰላሀዲንና ሰርካለም የሚያውቁት የድንጋዩን ሐሳብ ነው። ዝናው ሐሳቡን የለወጠው ሰርካለም ከሄደች በኋላ ነው። ባትሪውን ነቀለ፤ እጀታዎቹ ላይ ሽቦ በየደ፤ ኃይሉ ከጨባጩ እጅ ይምጣ አለ። በስልክ ለሰው ነግሮ ይሆናል እንዳይባል፣ ያላቸውን አንድ ስልክ ሰርካለም ይዛው ሄዳለች። ስለዚህ አዲሱን ሐሳብ የሰማው ማታ አብሮት የነበረው ሰው ብቻ ነው።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ጠዋት ሲያፈርሱልኝ የነበረው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም እያሉ።»

ምንይችል የቆርቆሮውን በር ተመለከተ።

«አልሰማ አለኝ» አለ። «በል ጨብጠህ አሳየኝ አልኩት። ትንሽ ሲነዝረው ያምነኛል ብዬ ሽቦውን ሰካሁት። እጁ አልላቀቅ አለ።»

«ሽቦውን አልነቀሉም?»

«ነቅዬዋለሁ። ዘገየሁ።»

ሰርካለም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እኔንስ፣ ምንይችል?» አለ ሰላሀዲን ቀስ ብሎ። «ደሴ ሲወስዱኝ ቆመህ ልታየኝ ነበር?»

ሁለት ፖሊሶች የመምህሩን ክንድ ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱት።

ስህን የሰላሀዲንን እጅ ወደ ራሷ ሳበች። ካቴናው ዝጎ ስለነበር ቁልፉ ወዲያው አልዞረም። እጁን አጥብቃ ይዛ ከፈተችው፤ ከዚያ ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።