አባዬ ያለበት ካሴት

እኔ እንደሆንኩ መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲባል ሰው ላይ የምስቅ ነኝ፣ አሁንም አምኛለሁ ማለቴ አይደለም፣ የሆነውን ግን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ቢኒያም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የምትባል ከተማ፣ እሱ አፓርታማ ውስጥ ካሴት አሳታሚ ከፍተን ነበር፣ አዎ ካሴት፣ በዚህ ዘመን! ዘፈንማ ቢሆን ጥሩ፣ እኛ የምናሳትመው የፍሪጅ ጉርምርምታ፣ የባቡር ፍሬን፣ የቧንቧ ጠብታ ነው፣ ፈረንጆቹ ደግሞ ገዝተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል፣ እመኑኝ። እሱ ይቀዳል፣ እኔ ከኤርፖርት ሥራ ስወጣ አባዛለሁ።

አባዬ ከመሞቱ በፊት ከደሴ በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን ቀድቶ የላከልኝ አንድ ካሴት አለኝ። ሌላ ድምፁ የትም የለም። ስልኬ ላይ ትራንስፈር አድርግልኝ ብዬ ለቢኒያም ሰጠሁት። «እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቀው» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዴንቨር፣ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ይዘን ስንሸጥ፣ ቢኒያም ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ የቀዳውን የቬንትሌተር ድምፅ ከማስተሩ፣ ማለት ከዋናው ካሴት ለገዢ እናሰማለን። ላዩ ላይ የለጠፈው ወረቀት ጫፉ ተላጠ። ከሥሩ ምን አየሁ? የአባዬን ሰማያዊ እጅ ጽሑፍ!

«ቢኒ፣ ምንድነው ይሄ?»

«የድሮ ቴፕ ድምፁ ወዝ አለው፣ አጓጓኝ… ሳልገለብጠው ቀዳሁበት።»

«አባቴን እኮ ነው ያጠፋኸው!»

ሰው መኖሩን ረስቼ ጮህኩበት። ይሄኔ ማዳመጫውን አድርጋ የነበረች፣ ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ፈረንጅ ቀና አለችና «ድንቡሼ ማን ናት?» አለች። «ሽማግሌው ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ ድንቡሼ፣ ድንቡሼ ይላል።»

ክው አልኩ በላችሁ! ድንቡሼ የሚለኝ አባዬ ብቻ ነው፣ ካሴቱ ላይ እንኳ በዋናው ስሜ ነበር የጠራኝ። ማዳመጫውን ነጥቄ ሰማሁ፣ ቬንትሌተር። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ቬንትሌተር ብቻ። ቢኒያም ተቀብሎኝ ጆሮው ላይ አደረገው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ምን አለ? ንገረኝ!»

«‹አይዞህ ልጄ፣ ድንቡሼን አደራ› ነው የሚለኝ።»

አያችሁልኝ? ድምፁን ላጠፋው ሰው አይዞህ! እኔንስ ለማን ነው አደራ የሚሰጠኝ? ንድድ አልኩ፣ የቢኒያምስ ይሁን፣ የአባዬ ነው ያንገበገበኝ። ካሴቱን ቤቴ ወስጄ ደጋግሜ አዳመጥኩት። ለማንም መንገደኛ እያወራ፣ እኔን ልጁን ዘጋኝ።

ከቢኒያም ጋር ተለያየን፣ መደወል ግን አልተወም። ትናንት እራት ሰዓት ላይ አነሳሁለት፣ ልሰድበው ነበር። መጀመሪያ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

«ድንቡሼ፣ በላሽ ወይ?»

ድምፁ የቢኒያም ነው፣ አጠራሩ ግን የአባዬ። «አቤት አባዬ» ልል ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ወይኔ! ስልኩን ዘጋሁበት። ይኸው ይህን ስነግራችሁም እየጠራ ነው።