ባል ያላቸው መበለቶች

«ጌታ ተናግሮኛል» አላት ፓስተር አድነው።

ደሳለች ሽመናው ላይ ነበረች። እግሮቿ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫው ላይ፣ መወርወሪያው በእጇ። ቀና ብላ አየችው። በማግስቱ ለወንጌል ተልእኮ ወደ ማዳጋስካር የሚበር ሰው፣ ሽሮ ሜዳ ካለው የአባቷ ቤት በር ላይ ላብ አጥምቆት ቆሟል።

«ምን ብሎ?»

«ሚስትህ ናት ብሎ። ከዚህ ጉድጓድም እንዳወጣሽ።»

ደሳለች ዓይኗን ወደ ድሩ መለሰች። ስላልወደደችው አልነበረም። ችግሩ መውደዷ ነው። የዛሬ ጥቂት ወር፣ ለሚሄድበት አገር ሰዎች ስጦታ የሚሆን ነጠላ ሊገዛ መጥቶ፣ እናቷ አጸደ ከዘረጋችለት አንዱን አንስቶ ጥለቱን እየዳሰሰ «የአቶ ቦናን እጅ ጌታ ይባርክ» ብሎ ነበር። «እጁ የእኔ ነው» አለችው ከጀርባው። ዞሮ ሲያያት ዓይኑ ከሚገባው በላይ ቆየ። የእሷም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ነጠላ ሳይገዛ መመላለስ ጀመረ። ያስቃታል፤ ስትስቅ ደግሞ እሱ መሳቁን ትቶ ያያታል።

አድነውም እንደሷ የሸማኔ ልጅ ነው። የሁለቱም ወላጆች ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ እዚያ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ሴት ሽመና ላይ ተቀምጣ ከታየች «ወንድ የሌለው ቤት» ተብሎ ከንፈር ይመጠጥላታል። ደሳለች የተቀመጠችው የአባቷ የቦና ወገብ እምቢ ካለ በኋላ ነው። መጀመሪያ ለቤቱ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራውን ወደደችው። ማንም ሊያምናት ያልፈለገው ይህንን ነው።

«ለእኔ አልተናገረኝም» አለችው በመጨረሻ። «ሲናገረኝ እነግርሃለሁ።»

መወርወሪያዋን ወረወረች። አድነው ወጥቶ ሄደ።

ወሬው አውሮፕላኑ ሳይነሣ ሰፈሩን አዳረሰ። ፓስተርን እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የጌታን ድምፅ እምቢ ማለት ግን ሌላ ነው ተባለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋሁን አስጠሯት።

«እህት ደሳለች፣ ከመዘምራኑ ለጊዜው አረፍ ብትዪ። ለራስሽ ነው። በጸሎት ብትቆዪ።»

«አልደከመኝም ጋሽ ተስፋሁን።»

የመዘምራን ልብሷን ተቀበሏት። በሚቀጥለው እሁድ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከመዘምራኑ በላይ ዘመረች። ጎረቤቶቿ «ድፍረት» አሉት፤ እሷም አላስተባበለችም።

አድነው ግን ናፈቃት። ተናዳበት ናፈቃት፤ መናፈቋ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ሌላ ሰው አላየኝም ባለችበት ቤት፣ እሱ አይቷት ነበር። ካየ በኋላ እንዴት ከሽመናው ሊያወጣት አሰበ?

የተመለሰ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከተልእኮ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚል ምእመኑ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስንት ሰው ጌታን እንደተቀበለ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል። አድነው ከስቶ፣ ፀሐይ አክስሎት መድረክ ላይ ወጣ።

«ደጋ ላይ ያለች መንደር ወሰዱን» ሲል ጀመረ። «ብርዷ የእንጦጦ ነው። በየደጁ ሴቶች ይሸምናሉ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ የመንደሩ ሴት በሙሉ። የሽሮ ሜዳ ልጅ አይደለሁ? ልቤ ተሰበረ። ወንዶቹን ምን ጨረሳቸው? ጦርነት ነው በሽታ? ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ። እሁድ ስሰብክ ሴቶቹን አስነሣሁና እያለቀስኩ ጸለይኩ። ‹የመበለቶች አባት ሆይ፣ ባል የሌላቸውን እነዚህን እህቶች አጽናና፤ ከዚህ የመከራ ሥራም አውጣቸው።› አስተርጓሚዬ መሀል ላይ ዝም አለ። ‹ተርጉም እንጂ› አልኩት። ተረጎመ። ዓይኔን ስገልጥ ባሎቻቸው ከኋላ ወንበር ቆመው ያዩኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደሳለችም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«እዚያም እንዲሁ ተሳቀ» አለ አድነው። «አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም። ‹ያልሞተ ባሌን ቀበርክብኝ፤ እሺ ይሁን። ሥራዬን መከራ ነው ያለህ ግን ማን ነው?› አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሰበክሁትን ሁሉ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰሙኝ፣ አፌ ይያያዝ ነበር።»

ጋሽ ተስፋሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፓስተር፣ ወደ ፍሬው እንምጣ። ስንት ነፍስ ዳነ?»

«እኔ እንጃ ጋሽ ተስፋሁን። የማውቀውን ልናገር። ከመሄዴ በፊት ለአንዲት እህት ‹ጌታ ተናግሮኛል› ብያት ነበር። አልተናገረኝም። ወደድኳት። ‹ወደድኩሽ› ማለት ፈራሁና የእሱን ስም አስቀደምኩ። ከመዘምራን ያወረዳችኋት በእኔ ሐሰት ነው።»

እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፊት ወንበር ዞረ። ደሳለች ቦርሳዋን አንሥታ፣ መሀል ለመሀል ቀጥ ብላ ወጣች።

አድነው የደረሰባት የታክሲ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» እያሉ ከሚጣሩበት ታክሲ መያዣ አጠገብ ነው። ያለከልካል።

«ደሳለች፣ ቁሚ እስቲ።»

«ለዚያ ሁሉ ሰው ተናገርክ። ለእኔስ?»

«ላንቺማ...»

«እኮ ተናገር። እዚህ መድረክ የለም።»

አድነው ዙሪያውን አየ። አንዱ ረዳት መጣራቱን ትቶ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል።

«ወድጄሻለሁ» አላት። «ማንም አልላከኝም። እምቢ ካልሽም እምቢ ያልሽው እኔን ነው፤ ጌታ የለበትም።»

«ሽመናውስ?»

«ከተቀመጥሽበት አላስነሣሽም።»

«ትፈቅድልኛለህ ማለት ነው?»

«እ... ማለቴ...» ስብከት የማያልቅበት ሰው ቃል አለቀበት። «የምፈቅደው ነገር የለም። ሥራው ያንቺ ነው። እኔ ብቻ፣ በቃ፣ አጠገብሽ መሆን እፈልጋለሁ።»

ደሳለች ቦርሳዋን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዛወረች። ቁጣዋ አልወጣላትም ነበር፤ ግን ከቁጣዋ ሥር ያለው ነገር አሸነፋት።

«ያን ቀንም እወድህ ነበር» አለችው። «ባልወድህማ ምን አናደደኝ?»

አድነው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ከመድረክ ያወርዱሃል» አለችው ዝግ ብላ።

«ያውርዱኝ። ወንጌል መሬት ቆሞም ይሰበካል።»

በወጉ መሠረት አድነው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው ሄዱ፤ መሪያቸው ጋሽ ተስፋሁን ነበሩ። እሱ «ልጅቷን ጠይቁልኝ» ብቻ ነው ያላቸው። እነሱ የራሳቸውን ጨመሩበት።

ደሳለች ወጉ እንደሚያዘው ጓዳ ገብታለች። የነቦና ጓዳ ደግሞ የሽመናው ክፍል ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሲናገሩ መርገጫው ጓ፣ ጓ ይላል።

«አቶ ቦና፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው» አሉ ጋሽ ተስፋሁን። «ታዲያ የፓስተር ሚስት የሰው ዓይን አለባት። ከሽመናው ታርፋለች። ይህ ካልሆነ አድነውም አገልግሎቱን ይለቃል።»

መርገጫው ቆመ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የልጅቷ አባት «እንምከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነበረበት። ቦና ወገቡን ደግፎ እንደምንም ተቃና።

«የታመመው ወገቤ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ሰምቻችኋለሁ» አለ። «መልሱን ግን ከእሷ ስሙት። ደሳለች፣ ነይ።»

ደሳለች የጥጥ ብናኝ ከቀሚሷ እያራገፈች ወጣች። ጉልበት ስማ ቆመች። እናቷ ከጥግ እንዝርቷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየቻት።

«ጋሽ ተስፋሁን፣ ይህን ቃል የላካችሁ አድነው ነው?»

ጋሽ ተስፋሁን ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ። አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው ጫማውን ያያል።

«አይደለም» አሉ። ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «የእኛ ነው።»

«እንግዲያው የእናንተን መልሳችሁ ውሰዱት። ሰውየውን ግን ተዉልኝ።»

አድነው ከመድረክ ወረደ። አዳራሹም ለሠርጋቸው ተከለከለ። እሱ በሳምንቱ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ሥራ ያዘ፤ እሁድ እሁድ ሸጎሌ ካለች የጭቃ ቤት ውስጥ ለጥቂት ቤተሰቦች ይሰብካል። ከሥራ ሲመለስ እነደሳለች ቤት ጎራ ይልና ከእናቷ ከአጸደ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጥጥ ይፈትላል። ወንድ እንዝርት ይዞ በመስኮት ሲታይ አላፊ አግዳሚው ይሳለቅበታል። የሚፈትለውም ክር አልነበረም፤ ገመድ ነበር። ደሳለች እያየችው ትስቃለች፤ እሱም ደስ ብሎት ያበላሻል።

የተጋቡት ቦና ግቢ ውስጥ በተጣለ ድንኳን ነው። ከመዘምራኑ አብዛኞቹ ሳይፈቀድላቸው መጡ። ጋሽ ተስፋሁንም፣ አይመጡም ሲባሉ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተገኙ። ቃል ኪዳኑን ያስፈጸመው ከሸጎሌ የመጣ እንግዳ ፓስተር ነው፤ የሰፈሩን ነገር አያውቅም። እንደ ሥርዓቱ መጽሐፉን ዘርግቶ ወደ ሙሽሪት ዞረ።

«እህት ደሳለች፣ ማንም ሳያስገድድሽ፣ በገዛ ፈቃድሽ ነው?»

ደሳለች አፏን ከመክፈቷ በፊት ድንኳኑ በሳቅ አውካካ። አድነው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንግዳው ፓስተር ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ሕዝቡን ያያል።

ጋሽ ተስፋሁን ከኋላ ተነሡ።

«እሱን እንኳ» አሉ፣ «እኛ እንመሰክራለን።»