በሰው ምላስ

ሚሞሪ ካርዱ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። የወይን ጠማቂው እህት ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በድንቢጥ መዳፍ ላይ አኖረችውና ጣቶቿን አጥፋ ዘጋችላት።

«ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ሠላሳ አንድ ሰው ነው። በገዛ እጁ የጻፈው።»

«ወንድምሽ የት ነው?»

«ላይ። ገበታውን እያዘጋጀ ነው። ቶሎ በይ።»

ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል። በርሜሎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ድንቢጥ የስለላ ስሟ ነው፤ ጠማቂው የሚያውቃት ለትልልቅ ሆቴሎች ወይን የምትገዛ ነጋዴ ሆና ነው። ካርዱን ስልኳ ውስጥ ከተተችና አንድ ገጽ ከፈተች። ስም። ዕድሜ። የተሰጠው መጠን። የሞተበት ሰዓት። ከጎኑ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ምሬቱን ለየው» ወይም «አልለየውም» ይላል።

ሰውየው ወይን ጠማቂ ከመሆኑ በፊት በወደቀው መንግሥት ምስጢራዊ እስር ቤት መርዝ ቀማሚ ነበር።

«ደብተሩ ላይ ሃያ ሦስተኛው ሰው ባሌ ነው» አለች እህቱ። «ጥሎሽ ጠፋ ብሎኝ ነበር ወንድሜ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሌን ስረግመው ኖርኩ።»

«ምሳው ሲያልቅ መኪና ይመጣል» አለች ድንቢጥ። «ወስደው ለፍርድ ያቀርቡታል። አንቺ ከወጥ ቤት እንዳትወጪ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

«አጎቴ።»

አጎቷ አይደለም። አለቃዋ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት «አጎቴ» ስትለው ኖራለች። ትእዛዝ የሚመጣው በሱ በኩል ነው። ለእናቷ የምትጽፈው ደብዳቤም የሚሄደው በሱ እጅ ብቻ ነው።

ገበታው በረንዳው ላይ ቀርቧል። የተጠበሰ ዓሣ፣ ቅቤ፣ ትኩስ ዳቦ። ጠማቂው ስልሳን የተሻገረ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ እጁ እንደ ሐኪም እጅ የለሰለሰ ሰው ነው። ከንፈሩ ብቻ በወይን ብዛት ጠቁሯል።

ድንቢጥ ብርጭቆዎቹን ቆጠረች። ለሦስት ሰው ነው የቀረበው።

«ሌላ እንግዳ አለ እንዴ?»

«ይመጣ ይሆናል። ይቀመጡልኝ፣ እመቤቴ። በነጩ እንጀምር።»

ሻርዶኔውን ቀዳ። ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ከዚያ አፉን ሞልቶ እያፏጨ አንሸራሸረውና መትፊያው ላይ ተፋ። ከከንፈሩ አንድ ቀጭን የምራቅ ክር ተንጠለጠለ። በአውራ ጣቱ ጠረገው። በዚያው ጣት ዳቦ ቆርሶ ቅቤ ቀባላት።

«ይብሉልኝ። በሞቴ።»

በላች። ሥራ ነው።

«ሻርዶኔ ገር ነው» አለ እያላመጠ። «ያስቀመጡበትን ይመስላል። ምን ቢጨምሩበት ችሎ ይሸከማል።»

ከዚያ ፒኖ ኗሩን ቀዳ። ቀይ ነው፤ ግን በወዲያኛው በኩል ጣት የሚያሳይ ስስ ቀይ።

«ይሄ ደግሞ ሐቀኛ ነው። ምስጢር አይችልም። አንዲት ጠብታ መራራ ነገር ብትገባበት ወዲያው ያሳብቃል።»

«ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?»

«በምላስ» አለና ፈገግ አለ። «በሰው ምላስ።»

ገጾቹ በዓይኗ መጡ። ይህ ሰው የወይን ጣዕም የተማረው ከሚሞቱ ሰዎች አፍ ነው! እሷም ፈገግ ብላ ብርጭቆዋን አነሳች።

«አንቺም ጥሩ ምላስ አለሽ» አላት።

አንቺ።

እስካሁን «እርስዎ» ነበር የሚላት።

«አጎትሽ ሻርዶኔ ይወዳል አሉ። ብርጭቆው የሱ ነው። ጠዋት ደውሎልኝ ነበር።»

ፊቷ አልተለወጠም። «ምን ብሎ ደወለልዎት?»

«አዲስ ስም ይሰጡሃል ብሎ። በሌላ አገር አዲስ የወይን እርሻ። እኔም የማውቀውን ለመሥሪያ ቤታችሁ ልጆች አስተምራለሁ፤ ሙያ ተቀብሮ ከሚቀር።» አፉን በናፕኪን አበሰ። «አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ደብተሬን ማን እንደነካው። እሱም ‹እሷ ትነግርሃለች› አለኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።



«እጄን ልታጠብ» አለች ድንቢጥ።

«ታጠቢ። በዚያ በኩል ግን መውጫ የለም።»

በሩን ቆልፋ አስመለሳት። ዓሣው፣ ዳቦው፣ ነጩም ቀዩም ወጣ። አፏን ተጉመጠመጠችና ስልኳን አወጣች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተረከብሽውን ለአለቃሽ ብቻ፣ ከእጅ ወደ እጅ። ለዚህ ሥራ በተሰጣት መዝገብ ላይ ግን የአንድ ጠበቃ ስልክ አይታ ነበር። የጠፉ ሰዎችን ቤተሰብ ይዞ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የሚንከራተት ሰው ነው። ቁጥሩን መታች። ገጾቹን ሁሉ ከቤቱ አድራሻ ጋር ላከች።

ሠላሳ በመቶ።

በሩ ተንኳኳ። «ድንቢጥ።» የአጎቷ ድምፅ ነው።

ስድሳ።

«ነይ ውጪ እንጂ፣ ልጄ። ምሳው ቀዘቀዘ።»

ዘጠና።

እጀታው ተነቃነቀ።

መቶ።

ስትወጣ አጎትየው ቀድሟት ተመልሶ ገበታው ላይ ተቀምጧል። ናፕኪን አንገቱ ላይ ሸጉጦ፣ ከጠማቂው ጋር ከአንድ ሳህን ዓሣ ያነሳል። ጢሙ ላይ ቅቤ አለ።

«ግሩም ወይን ነው» አላት። «ካርዱን ወዲህ በይ።»

ሰጠችው። ሳያየው ኪሱ ከተተው።

«ማን ሰጠሽ?» አለ ጠማቂው።

«ማንም። ሰኞ ዕለት ሲወጡ ጠብቄ ራሴ ገባሁ።»

«የምድር ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው። ያለውም እህቴ አንገት ላይ ነው።»

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች እህቱ። ወደ ገበታው መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባሌ ለየው ወይስ አልለየውም? ቀለሙ ፈሶበት ማንበብ አቃተኝ።»

ጠማቂው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የድሮ ወይን የተለቀመበትን ዓመት እንደሚያስታውስ ሰው አሰበ።

«ለየው» አለ። «ጎበዝ ምላስ ነበረው።»

እህቱ ቀስ ብላ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ያኔ የአጎትየው ስልክ ጮኸ። አዳመጠ። ማላመጡን አቆመ። «የት ነው የወጣው?» አለ። ቀጥሎ «ሁሉም?» ስልኩን አስቀምጦ ድንቢጥ ላይ አፈጠጠ። «ምን አደረግሽ?»

«ለጠበቃው ላክሁት። ሠላሳ አንዱንም።»

«መኪናው ደርሷል አይደል?» አለ ጠማቂው ሊነሳ እያለ።

አጎትየው ናፕኪኑን ከአንገቱ አወለቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለው። «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብዎታል። እኔና እርስዎ አንተዋወቅም።»

መኪናው በር ላይ አጎትየው የድንቢጥን ክንድ ያዘ። «እዚህ ብገድልሽ ወሬው ሁለት ይሆንብኛል። ስለዚህ ሂጂ። ግን ለእናትሽ ሞታለች ብዬ ነው የምነግራት። ደጃፏ ላይ ሰው አቆማለሁ። ብቅ ትያለሽ፣ ትያዣለሽ።»

«ጠገብክ?» አለችው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ምሳውን ማለቴ ነው። አፍህን ጥረግ።»

የፖሊስ መኪና ድምፅ ከዳገቱ ሥር ተሰማ። ድንቢጥ ወደ በረንዳው ሮጠች። «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

«የትም አልሄድም» አለች እህትየው። «ሲወስዱት ቆሜ ማየት አለብኝ። አንቺ ሂጂ፣ የኔ እናት።»

በወይኑ ተክል መሐል አቋርጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች።

በአምስተኛው ወር፣ በሌላ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጀርባ ባለ ላውንደሪ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። ሬዲዮው የችሎቱን ውሎ ያወራል። የተከሳሹ እህት ሠላሳ አንዱን ስም አንድ በአንድ ጠራች። መሐል ላይ ዳኛው ውሃ ይምጣላት ቢሉ እምቢ አለች።

አብራት የምትሠራው ሴት ካውያዋን አቆመች። «ያንን ሰነድ ያወጣችው ሴትዮ ግን የት ገብታ ይሆን?»

«ሞታለች ይላሉ።»

«ውይ! ነፍሷን ይማር። እናት ይኖራት ይሆን?»

«ትኖራት ይሆናል» አለችና የአንሶላውን አንድ ጫፍ አቀበለቻት። «ያዢልኝማ።»