ከደወሉ አጠገብ ያለው ወንበር

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የሞተችው እንደተቀመጠች ነው። ራሷ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ወድቀው ለሚያያት ሰው ደክሟት ያንቀላፋች ትመስል ነበር። ወለል ልትወለውል የገባችው የጽዳት ሠራተኛም «እመቤቴ፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል እኮ» ብላ ልትቀሰቅሳት ተጠጋች። የአንገት ልብሷ ሥጋዋ ውስጥ እስኪሰምጥ መጠምዘዙን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

የማረሚያ ቤቱ አዛዥ ለፖሊስ ሲደውል ነገሩ ያለቀለት መስሎታል። ሕንፃው በፆታ ጥቃት የተፈረደባቸው ሰዎች የሚመረመሩበትና የሚታከሙበት ነው፤ ሟቿን በመጨረሻ ብቻዋን ያገኛት ደግሞ ከእነሱ አንዱ ነው።

«ጅቡ በረት ውስጥ እያለ በጉን ማን በላው ይባላል?» አለ።

ሲነጋ የተላከችው ኢንስፔክተር አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን እጇ ላይ ታስቀራለች ለማለት ነው። ለአዛዡ መልስ ሳትሰጠው ወደ ክፍሉ ገባች።

ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበሮች ብቻ። አንዱ በሩ ሥር፣ ግድግዳው ላይ ካለው ቀይ የአደጋ ደወል አጠገብ፤ ሌላው ወደ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ። አስከሬኑ ያለው መስኮቱ ጋ ነው። ወንፊት ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የወለሉን ሰም የቧጨረው የጫማ ተረከዝ ምልክት ከዚያው ወንበር ሥር አይወጣም።

«እዚሁ ታግላ እዚሁ ሞተች። ማንም አላዛወራትም» አለች። ቀጥላም የጥበቃውን ሃምሳ አለቃ «ደወሉ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችው።

«አንዴ ከተነካ ሕንፃው ሁሉ ነው የሚጮኸው፣ እመቤቴ። ትናንት ግን ትንፍሽ አላለም።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

ሃምሳ አለቃው ጢሙን ጎተት አደረገ። «ታራሚውን አስገብቼ ዋናው በር ላይ ነበርኩ። የሟቿ ባል ቱግ ብሎ መጥቶ ነበር፤ እንዲበርድለት ብዬ እንግዳ ማረፊያው አስቀመጥኩት። ከዚያ የዳቦ መኪና ስፈትሽ ቆየሁ። ስመለስ ታራሚው ብቻውን መተላለፊያው ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ወደ ማደሪያው አስገባሁት። ባልየው ደግሞ የለም። ባልደረባዬ አስወጥቶታል፤ መቼ እንደሆነ ግን ልብ ያለው የለም።»

«ወደዚህ ክፍልስ አዩ?»

«በሩ ዝግ ነበር። ከተዘጋ ከሰው ጋር ናት ማለት ነው፤ አናንኳኳም።»

ባልየው አናጺ ነው። ማጣበቂያ የደረቀበትን ጣቱን እየላጠ ወንፊት ፊት ተቀመጠ።

«ቀናተኛ ነው ብለው ነግረዎታል አይደል? እውነት ነው።»

«በማን ነው የሚቀኑት?»

«በሁሉም። ትዕግሥቷን እነሱ ዘንድ ጨርሳ ለእኔ ድካሟን ይዛ ትመጣለች። እኔ አንድ ቃል ስስት ፊቷን ታዞራለች፤ እነሱ ያን የመሰለ ጉድ ሲዘከዝኩላት ቁጭ ብላ ትሰማለች። ሰው በጤናው በእስረኛ ይቀናል?»

«ይቀናል። ትናንት ለምን መጡ?»

«የተጋባንበት ቀን ነበር። ረሳችው ብዬ ተናደድኩ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ በኋላ 'እኔ ምን ቤት ነኝ?' አልኩና ወጣሁ። ወደ ክፍሏ አልገባሁም፣ እህቴ። የሚያምነኝ ሰው ግን የለም።»

የሕክምና ክፍሉን ያቋቋመው አንጋፋው ዶክተር ወንፊትን ብድግ ብሎ ተቀበላት። ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

«ልጄ ነበረች» አለ። «የዚህን ሥራ ሀሁ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።»

«ታራሚዎቹ እሷን ይመርጡ ነበር ይባላል።»

ፈገግ አለና ያልተጣመመ እርሳስ አቃና። «አዲስ ነገር ሁሉ ይጥማል፣ ኢንስፔክተር። ሲቆይ ነው የሚታየው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አገኟት?»

«ጠዋት ስብሰባ ላይ። ከዚያ ወዲያ ዓይኗንም አላየሁ። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ስጽፍ ነበር።»

«ታራሚውንስ ያውቁታል?»

«ይቅርታን?» አለ። ሰውየው ሲገባም ሲወጣም ይቅርታ ስለሚል ማረሚያ ቤቱ ያወጣለት ስም ነው። «ለዓመታት ያከምኩት እኔ ነኝ። ይፈታ ብዬ ፈርሜለት ለመፈታት ተቃርቦ ነበር፤ የመጨረሻው ግምገማ ብቻ ለእሷ ተሰጠ።»

«ሰው ይገድላል ብለው ያስባሉ?»

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ያቺን ምስኪን ሴት መንገዷን ሲያጠና ከርሞ፣ አቅዶ ነው የደፈራት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያቅተዋል?»

ወንፊት አመስግና ወጣች። ይቅርታ ተብዬው በጥበቃ ታጅቦ ሲመጣ ወንበሩን ሳይጎትት በጠርዙ ተቀመጠ።

«ለምን ታለቅስ ነበር?»

«እውነቱን ስለነገርኳት።» «ለዶክተር የምነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ሰክሬ ነው፣ ድንገት ነው፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። እሳቸውም አመኑኝ፤ ለሌሎቹም ምሳሌ አደረጉኝ። እሷ ግን ትናንት 'ቤትህ በስተግራ ነው፤ ያን ዕለት ለምን በስተቀኝ ዞርክ?' አለችኝ። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ዝምታው ከበደኝ። የዚያችን ሴት መንገድ ሳጠና እንደከረምኩ፣ ብቻዋን የምታልፍበትን ሰዓት መርጬ እንደጠበቅኳት ነገርኳት።»

«ምን አለችህ?»

«'አሁን አትፈታም። ሕክምናህ ግን ገና ዛሬ ተጀመረ' አለችኝ።»

«ተናደድክባት?»

«ፈራሁ። ደግሞ ቀለለኝ። ስወጣ ቆማ በሩን ከፈተችልኝ።»

«ያን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለእናቴም አልተናገርኩም። አሁን እርስዎ ሰሙኝ።»

«የት ነበር የተቀመጥከው?»

«እኛማ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ነን። ደወሉ ያለበት የእሷ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ወንፊት ሁሉንም የቡድን ሕክምና በሚሰጥበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ባልየው፣ ዶክተሩና ይቅርታ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እሷ ቆመች።

«አዛዥ፣ በጉን የበላው ጅቡ ነው ብለውኝ ነበር። እስቲ ወንበሩን እንጠይቀው» አለች። «እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ባለሙያው በሩ ጋ፣ ደወሉ ሥር ይቀመጣል፤ ታራሚው ወደ ውስጥ። ሕጉን ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዶክተሩ። «'ደወሉን ለማንም እንዳትለቂ' ብዬ አስተምሬያታለሁ።»

«ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ለታራሚ ለቃ አታውቅም። የሞተችው ግን በታራሚው ወንበር ነው፤ ማንም አላዛወራትም። ስለዚህ ይቅርታ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ገባ። ያልፈራችው ሰው ነው። ደወሉ ያለበትን ወንበር ለቃለት፣ ራሷ ወደ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ባልየው ዞሩ። ባልየው መሬት መሬት አየ።

«እኔም እንደ እናንተ አሰብኩ» አለች ወንፊት። «ለባል ወንበር ይለቀቃል። ለመምህርም ይለቀቃል። ወንበሩ ብቻውን አልበቃኝም። ዶክተር፣ ይቅርታ ወንጀሉን አቅዶ መፈጸሙን መቼ አወቁ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ያከምኩት ሰው አይደለም እንዴ?»

«ለእርስዎ የተናገረው ሰክሬ፣ ድንገት ነው እያለ ነው። የዚያችን ሴት መንገድ ማጥናቱን ያመነው ለሟቿ ብቻ፣ በሞተችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ወዲህ አላየኋትም አሉኝ።»

ዶክተሩ ሳቅ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው። ገምቼ ነበር።»

«ገምተው ከነበረ ለምን ይፈታ ብለው ፈረሙ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ከሁለት አንዱ ነው» አለች ወንፊት። «ወይ አደገኛ ሰው መሆኑን እያወቁ ሊለቁት ነበር፤ ወይ በዚያ ዕለት ከእሷ አፍ ሰምተዋል። የትኛው ይሁን?»

ወንፊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰውየው ወደ ማደሪያው ከተወሰደ በኋላ እርስዎ ገቡ። መምህሬ ናቸው ብላ ብድግ አለችና ወንበሯን ለቀቀች። ያገኘችውን ነገረችዎት። በሩ ዝግ፣ መተላለፊያው ባዶ፣ ደወሉ ከእርስዎ ጀርባ ነበር። ትናንት ሲጠረጥሩት የሰማሁት ደግሞ ራስዎ የመሰከሩለትን ሰው ነው። ሊያስወነጅሉት ሲጣደፉ ቃሉ አመለጠዎት።»

«ደስ ብሏት ነበር!» ዶክተሩ ሳያስበው ጮኸ። «ደስ ብሏት ነበር የነገረችኝ! 'ጋሼ፣ ተናገረ እኮ' አለችኝ። እኔ ዓመታት ቁጭ ብዬ አንድ የእውነት ቃል ያላገኘሁበትን ሰው እሷ በአንድ ከሰዓት! ደግሞ 'ሌሎቹንም አብረን እንደገና እንያቸው' አለች። የእኔን ሰዎች! ስገባ ዝም የሚል፣ ስትገባ አፉን የሚከፍት... በየቀኑ ነበር የማየው። ሳቋ ሳይቀር ያቃጥለኝ ነበር። ከዚያ... ነገሩ ሆነ። እጄ ላይ ሆነ።»

ከክቡ ጫፍ ይቅርታ ራሱን ሳያቀና ተናገረ።

«ዶክተር፣ እዚህ ቤት 'ሆነ' አይባልም፣ 'አደረግኩ' ነው የሚባለው ብለውን ነበር።»

ዶክተሩ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል አየው።

«አነቅኳት» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያነቅኳት።»

ወስደውት ሲወጡ ማንም አልተነሣም። ይቅርታ እንዲፈታ የቀረበው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ፤ እሱም አልተከራከረም። የዶክተሩ ሰዎች በሙሉ ሌላ ባለሙያ ዘንድ እንደገና እንዲመረመሩ ተወሰነ።

ባልየው ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ወንፊት ሃምሳ አለቃውን በክንዱ ገፋ አደረገችው። «ለእኔ የነገሩኝን ራስዎ ይንገሩት» አለችው።

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አውልቆ ተጠጋ። «ጌታዬ፣ ያን ዕለት እዚያ እንዳስቀመጥኩዎት በውስጥ ስልክ ደውዬላት ነበር። 'ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፤ ይጠብቀኝ፣ ዛሬ አብረን ነው የምንሄደው' አለችኝ። የዳቦ መኪናው ያዘኝና ልነግርዎት ስመጣ ሄደዋል።»

ባልየው መንጎራደዱን አቆመ። «ተቆጥታ ነበር?»

«ኧረ እየሳቀች ነበር። 'ረሳች ብሎ ነው የተናደደው' አለች።»

ባልየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እስቲ እንደገና ንገሩኝ» አለ።

ሃምሳ አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ እንደገና ነገረው።