የአሥር ሰዓት መክሰስ

ነብዩ ዓፊያን ያገኛት አሶሳ ውስጥ፣ በክረምት ነበር። ከጤና ኮሌጁ በር ላይ እሱ የሚነዳውን ባጃጅ አስቁማ ገባች፤ ትንሽ እንደሄዱ ዝናቡ መንገዱን ሸፈነው። አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

«መክሰስ አማረኝ» አለ ነብዩ እጁን እያሻሸ። «አንቺስ?»

ዓፊያ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ማንን?»

«እንዴት ማንን?»

«ማንን ነው የምትከሰው?»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የምሯን ነበር። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው። ያንን ቃል የሰማችው በልጅነቷ፣ አንድ ሚሊሻ በራቸው ላይ ቆሞ አባቷን «ሰዎቹ አንተን መክሰስ ይፈልጋሉ» ሲለው ነበር።

«ይሄኛው የሚበላ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከምሳ በኋላ፣ እራት ሳይደርስ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ። ሳምቡሳም ይሁን ዳቦ በሻይ፣ የተገኘው። አይጠገብበትም፤ እስከ እራት ያቆያል።»

«ጠዋት ቢበላስ?»

«እሱ ቁርስ ነው።»

«ቃሉ ግን ከዚያኛው ጋር አንድ ነው።»

«አንድ ነው። አብሮት ያለውን ነው የምታዪው። ‹ሰውዬውን› ካሉ ክስ ነው፤ ‹በላን› ካሉ ይሄ ነው።»

«መክሰስ በላን» አለች ቀስ ብላ። ከዚያም ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቷ ሲያልቅ ባጃጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። መንደራቸው ባምባሲ አጠገብ፣ በአንድ ጅረት ወዲህና ወዲያ መሆኑንም በወሬ መሃል አወቁ። የነብዩ አባት ሞላ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው። ነብዩ ልጅ ሆኖ ጅረቱን እየተሻገረ የዓፊያን አባት የዐወድን ማንጎ ይበላ ነበር።

«የኋለኞቹን ዛፎች አባትሽ ሲተክላቸው አይቻለሁ» አላት አንድ ቀን። ዓፊያ ይህን ወደደችው። ሃይማኖታቸው እንደሚለያይ፣ ቤተሰብ እንደሚያስቸግር ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ገና አላነሱትም።

በጥር ሞላ ዐወድን ከሰሰ። ማንጎዎቹ ያሉበት መሬት ለእኔ የተሰጠ ነው አለ። ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ስላልነበረው ይጨነቅ ነበር፤ ጭንቀቱ እውነት ነው፣ ክሱ ግን ሐሰት ነበር።

ዓፊያ ወሬውን ከአባቷ በስልክ ሰማች። በማግስቱ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሳምቡሳውን ሳትነካ ተቀመጠች።

«ከእኔ ጋር ስትበላ ታውቅ ነበር?»

«አባቴ ሲያስበው አውቅ ነበር» አለ ነብዩ።

«እንግዲህ ሁለቱ ቃል አንድ ሆነ።»

«አባቴ ነው፣ ዓፊያ። ምን ላድርግ?»

«ምስክር ሲያደርጉህ ያየኸውን ተናገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እናገራለሁ» አላት፤ እጇንም ያዘ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ዛፎቹን ማን እንደተከላቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ነብዩ አባቱን አየ። ሞላ አንገቱን ደፍቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«አላስታውስም» አለ ነብዩ።

ዓፊያ ቀና ብላ አየችው። እሱ አላያትም። ዐወድ ሌላ በሕይወት ያለ ምስክር አልነበረውም፤ መሬቱ ለሞላ ተፈረደ።

ውጭ ላይ ዐወድ ወደ ነብዩ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ነካው። «አይዞሽ ልጄ» አለው በሚያውቃት አማርኛ። «እኔም አባቴን እፈራ ነበር።» ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠለው።

ዓፊያ አባቷን አስቀድማ ወደኋላ ቀረች። «እሱ ይቅር ብሎሃል» አለች። «እኔ አልቻልኩም።»

ተመርቃ ሸርቆሌ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ነብዩ በሚኒባስ ሄዶ በሩ ላይ ጠበቃት። ነጭ ጋዋን ለብሳ ወጣች።

«ይግባኝ አለ» አላት። «እውነቱን እናገራለሁ።»

«ይናገሩ» አለችው። «እርስዎ ያዩት ነገር ነው። አባቴ ግን መንጌ ወረዳ፣ እህቱ ዘንድ ገብቷል። መንደሩን በስሙ እንኳ አያነሳም።»

«ዓፊያ፣ እኔን ነው እርስዎ የምትይኝ?»

«ሕመምተኛ እየጠበቀኝ ነው። በደህና ይግቡ።»

ነብዩ ይግባኙ ላይ መሰከረ። ሞላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ብሎ አልጠራውም። መሬቱ ለዐወድ ተመለሰ፤ ዐወድ ግን አርጅቶ ነበርና አልተመለሰም። ዛፎቹን የሚጠብቅ ጠፋ።

ዜናውን አባቷ በስልክ ሲነግራት ዓፊያ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ቆማ ነበር። «ልጁ ተናገረ» አላት በቋንቋቸው፤ ድምፁ ደስ ብሎት ነበር። የነብዩን ስም ከስልኳ ከሰረዘችው ቆይታለች፤ ቁጥሩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ጻፈችው፤ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው። ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያም አጥፍታው፣ ወደ ተሰለፉት እናቶች ተመለሰች።