ለወንዙ የተከፈተ በር

«ቤቱ ገደለው!»

ወሬው አስከሬኑ ሳይነሳ የወንዝ ዳሩን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰው። አርክቴክቱ በገዛ አባቱ ቤት፣ ከገዛ አባቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ፤ የበሰበሰ መርገጫ ከዳው፤ አለቀ። ቤት መቼም አፍ የለው፣ ተነስቶ «እኔ አልገደልኩም» አይል። ሰዉም ከንፈሩን እየመጠጠ ወደየሥራው ሄደ።

ከሁሉ ይልቅ ወሬው የተስማማው ለፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ነበር። አደጋ ማለት ለእሱ የተባረከ ሞት ነው፤ የሚያሳድዱት የለ፣ የሚያስሩት የለ። ደንቡ ግን መርማሪ ሳያየው አይፈረምም ይላልና እያቃሰተ ወይዘሮ ለምንን አስጠራት።

እውነተኛ ስሟን መሥሪያ ቤቱ ከረሳው ቆይቷል። «ለምን?» ሳትል ያለፈችው ነገር ስለሌለ ወይዘሮ ለምን ሆና ቀረች። ቁመቷ አጭር፣ ቦርሳዋ ትልቅ፣ እርምጃዋ ደግሞ የቸኮለ ሰው የሚያናድድ ነው።

ያን ቀን ጠዋትም በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደችም፤ መንገዱን ከታችኛው ጫፍ ጀመረችው። ቤቶቹ ፊታቸው ጠባብ፣ ጀርባቸው ረጅም ነው። ድሮ ግብር የሚከፈለው በወንዙ ዳር በሚይዙት ስፋት ልክ ስለነበር ሰዉ ቤቱን ወደ ውስጥ አስረዘመው። ብልጠት ድሮም ነበረ! ከየጣሪያው ሥር፣ ጆንያ ከጀልባ ላይ ይስብ የነበረ መዘውር የተንጠለጠለበት ግንድ ብቅ ብሏል፤ አሁን የእርግብ ማረፊያ ነው። በየማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ወንዙ በየዘመኑ የደረሰበት ከፍታ በመሮ ተቀርጿል። ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፤ አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ። በላይኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ቢጫ ኤክስካቫተር ቆሟል።

«ይሄ ለምን መጣ?» አለች።

ከማሽኑ አጠገብ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉረው ኮንትራክተር ነበር የመለሰላት።

«ማዘጋጃ ቤቱ ነው ያዘዘው። ሰው የገደለ ቤት ቆሞ አይውልም አሉ። አዛዡ አደጋ ነው ብሎ ሲፈርም እጀምራለሁ። ግድግዳው የተያያዘ ስለሆነ ደግሞ እሱ ከሄደ መንገዱ ሙሉ ይሄዳል።»

«ትናንት ማምሻውን ሟቹ ቤት ታይተሃል።»

«ነበርኩ፤ ምን አለበት? ሟቹ እኮ ከእኔ ወገን ነበር! የወንዙ ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ መንገዱ ይፍረስ ብሎ ዛሬ ለማዘጋጃ ቤቱ ቃሉን ሊሰጥ ነበር። ምን ቆርጦኝ እገድለዋለሁ?» ስንጥሩን ወረወረው። «ይልቅ ቤተሰቡን ጠይቂ። ወንዙ መሙላት ሲጀምር የአሸዋ ጆንያ ላምጣ፣ የወንዙን በር እንድፈነው ብላቸው ሳቁብኝ። ጎርፍ ሲመጣ ሌላው ሰው ይዘጋል፤ የዚህ መንገድ ሰው ይከፍትለታል። እብዶች!»

«ለምን ይከፍቱለታል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

አስከሬኑ ያለው ምድር ቤት ነው። የመንገዱ ሰዎች የውሃ ክፍል ይሉታል፤ ማንም አይተኛበትም። ወንዙ ገብቶ አድሮ ወጥቷል፤ ወለሉ ላይ ስስ ጭቃ ትቷል። አርክቴክቱ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ በድንጋዩ ጠርዝ ተመትቷል። ከደረጃው መካከል አንድ መርገጫ ጎድሏል። የወንዙ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ግልጽ ነው» አለ አዛዡ። «በሩን ሊከፍት ወረደ፤ ከፈተ፤ ሲመለስ መርገጫው ከዳው። ፈርሚልኝና እንሂድ።»

ወይዘሮ ለምን ቁጢጥ ብላ የሟቹን መዳፎች አንድ በአንድ ገልብጣ አየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ወደተሰቀለው የበሩ መቀርቀሪያ ሄዳ፣ ተንጠራርታ በአንድ ጣቷ ነካችው።

«መሀረብ ይዘሃል?»

አዛዡ ሰጣት። ጣቷን ጠረገችበትና መለሰችለት። መሀረቡ በጥቁር ሬንጅ ተለወሰ።

«ኧረ በሕግ! ሚስቴ ትናንት ያጠበችው ነው!»

አልሰማችውም። የጎደለውን መርገጫ ውሃው ጥግ ወስዶት አገኘችው፤ ሳንቃው ሙሉ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ቀና ስትል፣ ውሃው ባልደረሰበት የመስኮት ደፍ ላይ የእንጨት ችንካሮች ተደርድረው አየች። ደረቅ ናቸው፤ አንዱም አልተሰበረም። እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። እሷ መቁጠር ከጀመረች ለአዛዡ ነገር መጣ ማለት ነው።

ሚስትየዋ ፎቅ ላይ፣ ዓይኗ አብጦ፣ የባሏን ኮት ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ራሴን አሞኝ በጊዜ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አጠገቤ የለም፤ ወረድኩ…» አልጨረሰችውም።

«ወንዙ ሲሞላ በሩን አንቺ ከፍተሻል?»

«እኔ? እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። በመጣሁበት ክረምት በሩን ለውሃው ሲከፍቱለት አይቼ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኬያለሁ። እነሱ እንደዚያ ነው የሚያድጉት፤ እኔ ግን እስከዛሬ በሩን በጣቴ ነክቼው አላውቅም።»

«ትናንት ከማን ጋር ተጣላ?»

«ከማን ያልተጣላ አለ! ይፍረስ ካለ ጀምሮ ዳቦ ሻጯ እንኳ ፊቷን ታዞርበታለች። እሱ ግን በልቡ ክፉ አልነበረም። ግድግዳው አንድ ክረምት ሰው ላይ ይወድቃል ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።»

ታናሽ ወንድሙ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ስለ ቤቱ መፍረስ ሊመከር ተጠርቶ ከሩቅ መጥቶ መንገድ ዳር ባለው ክፍል አድሯል። ወይዘሮ ለምን ስታንኳኳ በሩ በእርጥበት አብጦ እምቢ አለው። ከውስጥ በርግጫ መታው፤ ከታች አንድ ስንጣቂ ተገንጥሎ ወደቀ።

«አይዞሽ፣ ይሄ ቤት በሰላም ተከፍቶ አያውቅም» አላት። «ይፍረስ! ልጅነቴን የበላው እሱ ነው። የሰው ልጅ ኳስ ሲጫወት እኔ ጭቃ ስጠርግ ነው ያደግኩት።»

«ትናንት ወርደህ ነበር?»

«የወንዙን ድምፅ ሰምቻለሁ። የሚከፍት ይክፈት ብዬ ተኛሁ።»

በመጨረሻ የተጠየቁት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ መንገዱ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። አላገቡም፤ ከዚህ ቤትም ወጥተው አያውቁም። በወንዙ በኩል ባለው ሳሎን፣ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆመው ነበር። ጣቶቻቸው በሬንጅ ጠቁረዋል።

«ክረምት ከገባ እንዲህ ነው እጄ» አሉ፣ ሳይጠየቁ። «የውሃ ክፍሉን እንጨት ሁሉ በየዓመቱ ሬንጅ እቀባለሁ፤ አለዚያ ያብጣል።»

«ደረጃውንስ ማን ሠራው?»

ሴትዮዋ ለአፍታ ሐዘኑን የረሱ መሰሉ። «ቅድመ አያቴ። አንድ ሚስማር የለበትም ልጄ! ብረት በእርጥበት ይዝጋል፤ ስለዚህ በእንጨት ችንካር ነው የተያያዘው። እንደ ልብስ ይፈታል፣ እንደ ልብስ ይገጠማል።»

«በሩንስ ለወንዙ ለምን ትከፍቱታላችሁ?»

«ከዘጋሽበት ውሃው ትከሻውን ግድግዳው ላይ ይጥላል። ከከፈትሽለት ገብቶ፣ አድሮ፣ ይወጣል። ግድግዳው የቆመው በዚያ ነው።»

«ትናንት እርስዎ ወርደው ነበር?»

«አልወረድኩም።»

«ቤቱ ገደለው ነው የሚሉት እርስዎም?»

እትዬ ወደ ወንዙ ዞሩ። «ሰው እንደዚያ ይላል» አሉ።

ከቀትር በፊት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሚስትየዋ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ እትዬ፣ ሰዓቱን የሚያየው ኮንትራክተር፣ እስክሪብቶ ያዘጋጀው አዛዥ። እርስ በርስ ላለመተያየት ሁሉም ወለሉን ያዩ ነበር።

«ከእጁ ልጀምር» አለች ወይዘሮ ለምን። «መቀርቀሪያውን በአንድ ጣቴ ብነካው የአዛዡ መሀረብ ተበላሸ። ሟቹ ግን መዳፉ ንጹሕ ነው፤ ሬንጅ ደግሞ በወንዝ ውሃ አይለቅም። ስለዚህ በሩን እሱ አልከፈተውም።»

«ሌላ ሰው ቀድሞ ከፍቶት ቢሆንስ?» አለ አዛዡ።

«ታዲያ ያ ሰው ለምን ደበቀን? በሩን ከፈትኩ ማለት ወንጀል አይደለም። ሁሉም ግን አልወረድኩም አሉኝ። የከፈተው ሰው አስከሬኑን ስላየ ነው የዋሸው።»

ኮንትራክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰው ገድሎ የቆመ ሰው ምን ያደርጋል? ይሸሻል። ይሄኛው ግን ወንዙ ሲሞላ ሰማና መቀርቀሪያውን አንስቶ፣ ውሃ እንዳይወስደው ሰቅሎ፣ በሩን ከፈተ። ለምን? ግድግዳው እንዳይገፋ! ኮንትራክተሩ ቢሆን ጆንያ ይደረድር ነበር። ባለቤቱም ብትሆን ሮጣ ፎቅ ትወጣ ነበር። ይህን ሳያስበው በእጁ የሚያደርግ እዚህ ቤት የተወለደ ነው።»

ታናሽ ወንድሙ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ ልትይ ነው?»

«ቁጭ በል። አንተ በር ስትከፍት አይቼሃለሁ። መርገጫው በስብሶ ቢሆን በተሰበረ ነበር፤ አልተሰበረም። ችንካሮቹን አንድ ሰው ከሥር እየመታ፣ አንድም ሳያበላሽ አውጥቷቸዋል። ከዚያ ውሃ እንዳይነካቸው መስኮቱ ላይ አስቀምጧቸዋል። አንተ ብትሆን በርግጫ ትገነጥለው ነበር። ያ ሰው ግን ቤቱን በሐሰት ሲከስስ እንኳ ሊሰብረው አንጀቱ አልቻለም። ነገሩ ሲበርድ ሊመልሰው ነበር።»

ማንም እትዬን ቀና ብሎ አላየም። ላለማየት መጣጣራቸው ብቻውን ግን ማን እንደሆኑ ተናገረ።

ያኔ ከመንገዱ ጫፍ የኤክስካቫተሩ ሞተር ተነሳ፤ የማሽኑ ነጂ ፊርማውን ሳይጠብቅ ማሞቅ ጀምሯል። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ» አለች ወይዘሮ ለምን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እኔ ያለኝ ይሄው ነው። ጠበቃ መጥቶ ችንካር ምስክር አይሆንም ቢል መልስ የለኝም። አዛዡ አደጋ ነው ብሎ መፈረም ይችላል፤ እርስዎም ነፃ ነዎት። ግን ያኔ ነፍሰ ገዳዩ ቤቱ ነው። በዚሁ ክስ እሱም ይፈርሳል፣ መንገዱም ይፈርሳል።»

አዛዡ እስክሪብቶውን ከፈተ። እትዬ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ንዝረቱ በክንዳቸው ሲወጣ ይታያል። ከልስኑ ላይ አቧራ ረገፈ።

«አጥፉት!» ብለው ጮኹ። «ያንን ነገር አጥፉት! ቤቱ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ!»

ኮንትራክተሩ አዛዡን አየ። «ምን ታየኛለህ? ሂድ አስቆመው!» ሲለው ሮጠ።

«ደረጃው ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ» አሉ እትዬ። «‹ነገ ይፍረስ እላለሁ፣ እትዬ፣ ዕቃሽን አስሪ› አለኝ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ! ለምኜዋለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ሊያልፈኝ ሲል ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም፤ እንዲህ አትበል ለማለት ነበር። ከዚያ ቢጠሩት የለም።»

ሞተሩ ቆመ። ከታች የሰፈሩ ሰው በደስታ ሲጮህ ተሰማ፤ ምን እንደተነገረ ገና አያውቅም።

ሚስትየዋ ኮቱን እንዳቀፈች ተነስታ ፊታቸው ቆመች። አልጮኸችም።

«ቤቱ ተረፈልዎ» አለች። «እሱ የለም። እርስዎ ይሄዳሉ። ታናሽዎ አንድ ቀን አይኖርበትም፤ እኔም የባሌ ደም የፈሰሰበት ቤት አልቀመጥም። ልጅ አልወለድን። ማን እንዲኖርበት ነው?»

እትዬ ዞር ብለው ታናሽ ወንድማቸውን አዩት፤ እሱ ፊቱን አዞረ። እጃቸው ከግድግዳው ላይ ወረደ።

«አላሰብኩትም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ይሄን አላሰብኩትም።»