ሲበስል የዋለው ድስት

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ስትገኝ ምሳዋ ገና እየበሰለ ነበር።

ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠራው መርማሪ ከደጃፉ ጀምሮ የሰማው ያንን ነው። የመስታወት ክዳን በእንፋሎት ብድግ እያለ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መርማሪውን ባልደረቦቹ «ምስጥ» ይሉታል፤ ድምፅ ሳያሰማ ቦርቡሮ ስለሚጨርስ።

ሐኪሙ ከሬሳው ቀና ብሎ «በትራስ ታፍናለች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ» አለው።

ምስጥ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ትንሽ ነው፤ ማዞሪያው ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ተቀምጧል። ክዳኑን አነሳው። ድንቹ ከላይ፣ ሥጋው ከሥር ነው። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ በጎኑ ፈስሷል። አንዱን ድንች በሹካ ወጋው፤ ቀኑን ሙሉ ተጥዶ መሃሉ ገና ጠጣር ነበር።

ሬሳውን ያገኘው ተከራይ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ቀኑን ሙሉ ሱቄ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼን ይጠይቁ። አስር ሰዓት ላይ ስመለስ የወጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ‹ደህና ዋሉ እትዬ› አልኩ። ዝም አሉኝ፤ ክዳኑ ብቻ ይንኳኳል። ተቀየሙኝ ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ኋላ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቼ ልነግራቸው ብወጣ…» ወደ ሳሎኑ ጠቆመ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳቸው ናቸው የሚንጎዳጎዱት እያልኩ ሳዳምጥ የነበረው ድስቱን ነው፣ ጌታዬ።»

የሟች ታናሽ ወንድም የፋብሪካ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ነው። ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ተናገረ።

«ጠዋት ልጠይቃት መጥቼ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስንለያይ ምሳዋን እየጣደች ነበር፤ ደህና ነበረች። ከአራት ተኩል ጀምሮ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ የበር ጠባቂው መዝግቦኛል።»

ይህ ቃል እውነት ከሆነ ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ተኩል ቤቱ የገባችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አዋላጇ ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት፣ አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ። ያን ምሽት ጣቢያ ወሰዷት። ጠዋት ምስጥ ሲያነጋግራት ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኒቷን ላደርስ ከሥራ ብቅ አልኩ» አለች። «ጀርባዋን ነው ያየሁት። እንቅልፍ ወስዷታል ብዬ በእግሬ ጣት ወጣሁ። እንዳልቀሰቅሳት!»

«ድስቱንስ ነካሽው?»

«ክዳኑን? ኧረ በስመአብ! ‹በከፈትሽው ቁጥር ግማሽ ሰዓት ሰረቅሽኝ› ነው የምትለኝ።» ፈገግ አለችና ዓይኗን ጠረገች። «ሞታ እንኳ ፈራኋት።»

«እስኪ አጣጣዷን ንገሪኝ።»

«ኡኡቴ፣ እሱማ ሕግ ነበረው! መጀመሪያ ትልቁን ገዝቼላት መለሰችኝ። ‹ለሁለት ሰው ይሄ ጋን ምን ይሠራል? ግማሹ ካልሞላ ያሳርራል› ብላ። ድንችና ካሮት ከሥር፣ ወደ ሙቀቱ፤ ቶሎ አይበስሉማ። ሥጋው ከላይ። ውሃ አንድ ብርጭቆ ብቻ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ ተመልሶ ይወርዳል። ጥርስ የላትም፤ ድንቹ በምላስ ካልፈረሰ አትበላም።»

ምስጥ ብድግ አለ። «ነይ፣ እቤትሽ እንሂድ።»

ሳሎኑ ውስጥ አራቱም ተሰበሰቡ። መቀመጫ ጎድሎ ሳለ ባዶው የሟች ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ተከራዩ ቆሞ መቅረቱን መረጠ።

«ጋሼ» አለ ምስጥ ወደ ወንድምየው ዞሮ፣ «ስትጥድ አይተዋል። እንዴት አድርጋ ጣደችው?»

«እንደ ማንም ነዋ! ሥጋውን ከሥር አደረገች፣ ድንቹን ከላይ፣ ውሃውን ሞላች።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እሷ?»

«አዎ፣ እሷ! ምን ያስገርማል?»

«ድስቱ ውስጥ ያገኘሁትም ልክ እንደዚያ ነው» አለ ምስጥ በቀስታ። «እንግዲህ አንድ በአንድ እንሂድ። ሟች በዚህ ድስት እንዲህ ጥዳ አታውቅም። እንዲህ ቢጣድ ደግሞ ድንቹ ለድዷ አይሆንም። ስለዚህ የጣደችው እሷ አይደለችም። ይህች ልጅም ሕጉን ከኔ በተሻለ ታውቃለች። ተከራዩ ሱቁ ነበር። የቀረው፣ ውሃ ይተናል ብሎ ትልቅ ብረት ድስት እስከ አፉ መሙላት የለመደ እጅ ነው። የእርስዎ እጅ፣ ጋሼ። አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች ለማለት ምሳ ያስፈልግዎ ነበር። እሷ ግን ያኔ ሞታለች።»

«እህቴን? ለምን ብዬ?»

ምስጥ ከሟች መሳቢያ ያገኘውን የፍርድ ቤት መጥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ለሰኞ ነው። የተበላሸ ሥጋ በልተው ሦስት የፋብሪካ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ረዳትዎ ታስሯል። ሥጋው መበላሸቱን እያወቁ ያቀረቡት እርስዎ እንደሆኑ ለእህትዎ ነግረዋታል፤ እሷም ለረዳትዎ ጠበቃ ነግራ ልትመሰክር ነበር።»

አብሳዩ መጥሪያውን አላየም። የሚያየው ባዶውን ወንበር ነበር።

«ለመንኳት» አለ። «እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ‹የሰው ልጅ ባንተ ጥፋት እስር ቤት አይበሰብስም› አለችኝ። ከዚያ በኋላ… ድንቹን ስልጥ ታናግረኝ ነበር።»

«ከሞተች በኋላ?» አለ ተከራዩ፣ ወደ ግድግዳው እየተጠጋ።

«ምን አለችህ?» ልጅቷ ናት የጠየቀችው፤ አጎቷን አንተ ስትለው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«‹ውሃው በዛ› አለችኝ።»

ምስጥ የአብሳዩን ክንድ ይዞ አስነሳው። ልጅቷም አብራ ተነሳች፤ ሌሊቱን እንዳሳደሯት ሁሉ አሁንም የሚወስዷት መስሏት ሻርፗን ፈለገች።

«አንቺ ተቀመጪ» አላት በሩን እየከፈተ። «ቤትሽ ነው። የምንወጣው እኛ ነን።»